የጎበጠው መስመር

ኅዳር 9

ዛሬም መብራቱ ደከም ብሏል። ሞኒተሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሻይ የተደፋበት ይመስላል... የቆቦ መብራት ነገር። ሲያሰኘው ይጠፋል፣ ሳያሰኘው ደግሞ ግማሹን ይልካል።

ጠዋት ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ተማሪዎች መጡ። አነሳኋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃናቸውን ከፍ፣ ጥቁሩን ጠበቅ አደረግኩና እንድታትም ለራቢዓ ተውኩላት። ራቢዓ ከሰኔ ጀምሮ አብራኝ ትሠራለች። ከዋጃ ነው የምትመላለሰው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ አረፈደች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ቦርሳዋን ሰቅላ፣ ወንበሯን ስባ፣ የዛሬዎቹን የት አስቀመጧቸው አለችኝ። አሠሪው እኔ ነኝ ወይስ እሷ? የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔን ሦስተኛ አድርጋ የቆጠረችኝ ይመስለኛል።

ይሄን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ሊያ ናት። ብቻህን ከምታጉረመርም ጻፈው ብላ። እሺ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ደብተሩ ጥሩ ነው፣ መስመሩ ግን አይታይም። ድሮ ደብተር መስመር ነበረው። አሁን ቀለም እንኳ ይቆጥባሉ።

ኅዳር 12

ዛሬ የራቢዓን እጅ ሳይ ዋልኩ። ለማንም ስለማላወራው እዚህ ልጻፈው።

እትዬ ዓሊማ ከዞብል ወርደው መጡ። በስልክ የተነሳ ፎቶ አላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው። ትልቅ ተደርጎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ይፈልጋሉ። በር ላይ ቆመው ነው የተነሱት፣ ፀሐዩ ከኋላ። ፊት የሚባል የለም። ሻሹ፣ ፊቱ፣ ቀሚሱ... አንድ ላይ ከሰል። ሕፃኑ የተጠቀለለበት ነጭ ፎጣ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነጭ። በድሮው በኔ አሠራር ቢሆን የብርሃን መጨመሪያውን ገፋ ነው። ፊታቸው ሲወጣ ፎጣው ይጠፋል። ሕፃኑም ከነፎጣው ይሄዳል።

ራቢዓ ከርቩን ከፈተች። ከርቭ የሚሉት አንድ ሳጥን ነው፣ ከታች ከግራው ጥግ እስከ ላይ ቀኙ ጥግ መስመር የተዘረጋበት። የመስመሩ ታችኛው ጫፍ የፎቶው ጨለማ ነው፣ ላይኛው ጫፍ ነጩ፣ መሐሉ መካከለኛው። መስመሩ ቀጥ ካለ ፎቶው እንደተነሳ ነው። አንዱን ቦታ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ያ ቦታ ይበራል፣ ወደ ታች ሲጫኑት ይጨልማል። ይኸው ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ።

መጀመሪያ ላይኛው ጫፍ አጠገብ ነጥብ መታች። "ይቺ ችካል ናት። ነጩን አሰርኩት" አለች። ከዚያ ወደ ታች ወረደችና ጨለማውን ያዘች። እኔ ስይዝ እጎትታለሁ። እሷ ነካ ነው ያደረገችው። መስመሩ ታች ላይ ትንሽ እብጥ አለ። እትዬ ዓሊማ ቀስ ብለው ወጡ... መጀመሪያ ጉንጫቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው፣ ከዚያ የሻሻቸው እጥፋት። ፎጣው ንቅንቅ አላለም።

እንዴት ነው ይሄ አልኳት። አባቷ ዋጃ ላይ ጎርፍ ጠልፎ ነው የሚያርሰው። ጎርፉን ዝም ብለው ማሳው ላይ ቢለቁት ዝቅ ያለውን ያሰምጠዋል፣ ከፍ ያለው ደርቆ ይቀራል፣ ቦይ ቀድዶ የጠማውን ማጠጣት ነው እንጂ አለችኝ። ገረመኝ። እኔም እኮ ጎርፍ ስጠልፍ ያደግኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። ይህን ማሰብ ግን ለእሷ ተረፈ።

እትዬ ዓሊማ ወደ ሞኒተሩ ጎንበስ አሉ። "ማሻአላህ። እጅሽን አላህ ይጠብቀው" አሏት።

ትንሽ ቀናሁ። ደግሞ ኮራሁ። የኔ ፎቶ ቤት ነው እኮ።

ኅዳር 13

ማን አስተማረሽ አልኳት። ዩቲዩብ። ኔትወርክ ሲኖር ታወርዳለች፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ታያለች። ቋንቋው ይገባሻል? አይገባትም። ድምፁን ዘግታ ማውሱ የት እንደሚሄድ ብቻ ነበር የምታየው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ካሜራ ተሸክሜ፣ ከርቭ የያዝኩት ባለፈው ክረምት ነው፣ እሱንም እሷ አሳይታኝ። ስታሳየኝ አልሳቀችብኝም።

ትንሽ ስቃለች።

ኅዳር 18

አንዲት ልጅ መጣችና ነጣ አርጊኝ አለቻት። እዚህ የሁሉም ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ፎቶ ቤቶች ሰውን ኖራ ቀብተው ነው የሚሸኙት። ራቢዓ ግን "እኔ ቆዳ አልቀይርም እህቴ። ብርሃን እሰጥሻለሁ። ከዚያ ራስሽን ከጠላሽው እንነጋገራለን" አለቻት። ልጅቷ አኮረፈች። ራቢዓ ግድ አልሰጣትም። የመስመሩን መሐል ብቻ ከፍ አደረገች። ጠይምነቷ እንዳለ ሆኖ ፊቷ በራ። ሹሩባዋ አንድ በአንድ ተለየ። ያኮረፈችው ልጅ ስልኬ ላይ ካልጫንሽልኝ አልሄድም ብላ ቁጭ።

የፊልሙ ዘመን ትዝ አለኝ። ጨለማ ክፍል፣ ቀይ አምፖል። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ፊቱ እንዳይጠቁር በመዳፌ እከልለው ነበር፣ ትንሽ ብቻ፣ እጄን እያወዛወዝኩ። ያኔ ከርቩ እጄ ነበር። ራቢዓ ያንን ዘመን አላየችም፣ የምትሠራው ግን ያንኑ ነው። ነገርኳት። ሥራዋን አቁማ እስክጨርስ ሰማችኝ። እንዲህ የሰማኝ ሰው ቆይቷል።

ኅዳር 23

የኔ ፎቶዎች አንድ ነገር ሆነዋል። ስሠራቸው ያምራሉ። ሰንበት ብዬ ስከፍታቸው ደብዝዘዋል። እንደገና ጠበቅ አደርጋቸዋለሁ...

ሸረፈዲንን ጠራሁት። ጎረቤቴ ነው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ቮልቴጁ እያነሰ ሞኒተሬን ገደለው አልኩት። በመለኪያው ለካና መብራቱ ምንም አልጎደለው አለ። እንግዲያው መለኪያህ ነው የተበላሸው አልኩት። ሳቀ። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር ግን ሸጠልኝ፣ ነጋዴ አይደል። ገጠምነው። ምንም ለውጥ የለም። ስታብላይዘሩም የማይረባ ነው ማለት ነው።

ራቢዓ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ አየች። እሷ ዝም ስትል አልወድም።

ኅዳር 24

ሞኒተሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ባሰ።

ኅዳር 29

የሊያ የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ጥር 18። እጮኛዋ ጌዲዮን ጥሩ ልጅ ነው፣ ሮቢት አስተማሪ ነው፣ ሲበላ አያወራም። ይህን እወድለታለሁ።

የሱ ቤተሰቦች ፎቶ አንሺ ከደሴ ይምጣ አሉ። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት ሊያ ቀደመችኝ። "አባቴ ካላነሳኝ ሙሽራ አልሆንም" አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ክርስትና የተነሳች ቀን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባች ቀን እኔ። የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ አፏን ከፍታ... እኔ። ይሄን ሌላ ሰው ሊያነሳው? አይሆንም። ከዚህ በኋላ ካሜራ ባልይዝም ግድ የለኝም። ይህቺን አንድ ቀን ግን ለማንም አልሰጥም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስቴ ብርኽቲ ትችላለህ አይደል ሙላው አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?

ታኅሣሥ 3

የዛሬውን... ቀስ ብዬ ልጻፈው።

በጥቅምት ሠርጉን ያነሳሁለት ሰው ሌላ ኮፒ ፈልጎ መጣ። ፎቶውን ይዞታል። ወስጄ በሩ ጥላ ላይ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ነው፣ ጥልፉ ግን ይቆጠራል። የሚዜዎቹ ኮት ጥቁር ነው፣ እጥፋቱ ግን አለ። እንዴት ያምራል! ማን አነሳላችሁ ልል ምንም አልቀረኝም።

ገብቼ የኔን ፋይል ከፈትኩ። አፍንጫዬ ሞኒተሩን ሊነካ ደረሰ። ጥልፍ የለም። ነጭ ብቻ። ኮቱም ከሰል።

"ለህትመት" የሚል ፎልደር አለ። የራቢዓ ነው፣ ነክቼው አላውቅም። ከፈትኩት። ሁሉም እዚያ አሉ። የክረምቱ፣ የመስከረሙ፣ የጥቅምቱ። እኔ ጨረስኩ ያልኩት ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ተሠርቷል። ደንበኛ እጅ የገባ የኔ ሥራ አንድም የለም።

በገዛ ቤቴ ማን ነበርኩ?

ራቢዓ ምሳ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ፎልደሩን ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 4

ጠየቅኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሸረፈዲን በበሩ አጮልቆ ተመለሰ። ከኋላዬ ሥራዬን አርሚ ብሎ ማን አዘዘሽ አልኳት። አንቺ ሳትወለጂ እኔ ፎቶ አንሺ ነበርኩ አልኳት። ሌላም ብያለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

አላለቀሰችም። ይቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥኩ።

የኔን ፋይሎች ከፈተች። ፎቶዎቹን አይደለም፣ ከርቮቹን። ለካ የሳብኩት መስመር ከፋይሉ ጋር እንደተቀመጠ ነው የሚቀረው። አላውቅም ነበር። በየወሩ የሳብኳቸውን ጎን ለጎን ደረደረችልኝ፣ እንዲታየኝ ብላ ትልልቅ አድርጋ። የሐምሌው ቀጥ ሊል ትንሽ ነው የቀረው። የነሐሴው ጎበጥ ብሏል። የመስከረሙ ባሰ። የጥቅምቱ... የኅዳሩማ ገደል ነው። ታች ተኝቶ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል።

"ያው ካሜራ ነው። ያው መብራት፣ ያው ግድግዳ" አለች። "እጅዎም ያው ነው፣ እጅዎን አውቀዋለሁ። የተለወጠው ዓይንዎ ነው ጋሽ ሙላው።"

ለምን አልነገርሽኝም?

"ለፎቶ አንሺ እንዴት ተብሎ ይነገራል?" አለችኝ። የሊያ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ በየማለዳው ዋጃ ላይ ሚኒባስ ስትሳፈር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትላለች፣ እዚህ ስትደርስ አፏ ይያያዛል። እንዲህ ነው ያለችኝ።

ወጥቼ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 5

ፎቶ ቤት አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። የዋሸሁት ለማን ነው?

ታኅሣሥ 6

ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ከደንኩ። ዞብል የለም። ያ ሁሉ ተራራ የለም! ወተት ብቻ። ቀኙን ከደንኩ... አለ፣ ግን ቡናማ ነው፣ ጭስ ውስጥ የቆመ። ዞብል ድሮም ቡናማ ነበር እንዴ?

ካሜራ ላይ የማስጠጋው ቀኙን ዓይኔን ነው።

ፈራሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ጥር ሲደርስ ሊያን ባላያትስ?

ታኅሣሥ 7

ለብርኽቲ ነገርኳት። ወይለይ፣ ወይኔ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ለካ ታውቃለች። ለመስቀል አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ሰማያዊ ካልሲ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ነው አጣምራ የምታስቀምጥልኝ። እኔ ደግሞ ፍቅር መስሎኝ!

ሁሉ ሰው አውቆ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው? ለምን ዝም አልሽ አልኳት። "አንታ፣ አንተን ማን ደፍሮ ይናገርሃል?" አለችኝ። እንዲህ ነኝ እንዴ?

ነኝ መሰለኝ።

ራቢዓ ግን ደፈረች።

ታኅሣሥ 8

ፎቶ ቤት ተመለስኩ። ለራቢዓ የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ስገባ ጠፋኝ። እነዚያን መስመሮች አትሚልኝ፣ ለሐኪም ላሳይ ነው አልኳት። መሳቢያዋን ከፍታ ሰጠችኝ። አትማ አስቀምጣ ነበር። ባልመጣስ ብዬ ስጠይቃት፣ ማታ ወደ ዋጃ ስመለስ በመንገዴ ቤትዎ ጎራ እል ነበር አለች። ዋጃና ቤቴ በተለያየ አቅጣጫ ነው። አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 12

ወልድያ። ብርኽቲ አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጣቶቿ ቀዝቃዛ። የዓይን ሞራ ነው አለች። ሁለቱም ላይ፣ ቀኙ የባሰ። ቀኙ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ግራው ይቆያል።

የራቢዓን ወረቀት ሰጠኋት። ምንድን ነው አለች። ዓይኔ ያጣውን ያህል ፎቶው ላይ ስጨምር የቆየሁት ነው አልኳት። መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች አየቻቸው፣ የሐምሌውን፣ የነሐሴውን... ማነው የሠራልዎት አለች። ሠራተኛዬ ናት አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ አነሰብኝ።

ከሠርጉ በፊት አያለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አብዛኛው ሰው ያያል አለች። አብዛኛው። ቀጠሮው ታኅሣሥ 23 ነው።

ታኅሣሥ 17

ራቢዓ ማንሳት ያስተምሩኝ አለች። ለምን? ካላዩ ሊያን እኔ አነሳታለሁ፣ ካዩ ደግሞ ሁለተኛውን ካሜራ እይዛለሁ። እንዲህ በግልጽ። ሰዉ ሁሉ የተስማማ ይመስል፣ ምንም አትሆንም፣ ኧረ ቀላል ነው እያለ ሲሸነግለኝ ነው የሰነበተው። እሷ ብቻ ናት ባይሳካ የሚሆነውን አስባ የመጣች። ደስ አለኝ። ማመን ያቅታል እንጂ ቀለለኝ።

ካሜራ ላይ ግን እንደ ሰው ትሳሳታለች! ስትጫን ትንፋሿን አትይዝም፣ ፎቶዋ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ተቆጣኋት። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እንደገና አነሳች።

ታኅሣሥ 22

ነገ ነው። ቤቱን ዞሬ አየሁ። ሊያ ራት ስታቀርብ ፊቷን አየሁት፣ ቶሎ ዓይኔን አላነሳሁም። ምን ታየኛለህ አባዬ አለች። ዝም ብዬ ነው አልኳት። ዝም ብዬ አልነበረም። ባይሳካ እንዲቀርልኝ ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 24

ፋሻው ተነሳ።

የሐኪሟ ጋውን ነጭ ነው። እንዲህ ያለ ነጭ አለ እንዴ? ነጭ ብቻም አይደለም። ውስጡ ጥላ አለው፣ የኪሱ ስፌት ይታያል፣ እስክሪብቶ የነካው ቦታ ይታያል... ነጩን የት ጥዬው ነው የኖርኩት?

ብርኽቲን አየኋት። መቼ ነው የሸበትሽው አልኳት። ተሰልፎ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። እሷ አለቀሰች። እኔም። ሐኪሟ ማልቀስ አይፈቀድም አለች።

ታኅሣሥ 25

ስንመለስ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ሮቢትን አልፈን ሜዳው ሲከፈት... ዞብል ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ! ረስቼው ነበር። ጮክ ብዬ ተናግሬ ኖሯል፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ እና ምን መስሎህ ነበር አለኝ።

ደብተሩም መስመር አለው። ቀጭን፣ ሰማያዊ። ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ገለጥኩት። አንዱንም መስመር ይዤ አልጻፍኩም፣ ሽቅብ ቁልቁል፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ደብተር ሠሪዎቹን ያለ ጥፋታቸው ነው የወቀስኳቸው። ሸረፈዲንንም። ስታብላይዘሩን ግን አልመልስለትም።

ጥር 2

ከገና በኋላ ዛሬ ፎቶ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ቆሽሿል። የመጋረጃው አንድ ጎን አርጅቷል። እዚህ ነበር ሰው የማነሳው?

የኔን ፋይሎች ከፈትኩ። ወይ ጉድ! ሙሽሮቹ ከኖራና ከከሰል የተሠሩ ናቸው። ጉርድ ፎቶ የተነሱት ተማሪዎች ፊታቸው ተልጧል። ሌሎቹን ፎቶ ቤቶች ኖራ ቀቢዎች ስላቸው አልነበር? ሳቅ ያዘኝ። ራቢዓም ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ። ስንት ወር አፍናው የቆየችውን ነው የለቀቀችው።

ከዚያ የእሷን ጎን ለጎን ከፈትኩ። ሳቁ ቆመ።

አንድ መስመር ሠርታ ለሁሉም አላደረገችውም። እንዲያ ብታደርግ በቀላሉ ትገላገል ነበር። ለእያንዳንዱ ፊት የራሱን ነው የሠራችለት። ለጥቁሩ ሰው ሌላ፣ ለቀዩ ሌላ፣ ባርኔጣ ላደረገው ሽማግሌ ጥላው ስር ትንሽ ብርሃን። የእትዬ ዓሊማን አጉልቼ አየሁት። ዓይናቸው ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ፊት ለፊታቸው የነበረ መስኮት መሆን አለበት። ያቺን ነጥብ እንኳን በብርሃን አላቃጠለቻትም። ያን ቀን ጎኗ ተቀምጬ አድንቄ ነበር። ለካ ያየሁት ግማሹን ነው።

እና ይሄን ሁሉ ሠርታ በኔ ስም አወጣችው። ደንበኛው እኔን ሲያመሰግን እሷ ወረቀት ትቆርጣለች።

ስሜን ጠበቅሽልኝ አልኳት። "ደሞዜን ነው የጠበቅኩት" አለች። ፊቷን ግን ወደ ማተሚያው አዞረች፣ የሚታተም ነገር ሳይኖር።

ይቅርታም ጠየቅኳት፣ ለዚያን ቀን። የቱን ቀን አለችኝ። እንደምታውቀው አውቃለሁ።

ጥር 17

ነገ። ካሜራው ተጠርጓል፣ ባትሪው ሞልቷል። ግራው ዓይኔ እንደ ድሮው ቡናማ ነው፣ ቀኙ ይበቃል። ራቢዓ ከልጆቿ ጋር እኛ ዘንድ ታድራለች። ብርኽቲ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ለብቻ የሚታረደውን ለሸረፈዲን አደራ ሰጥታዋለች። እሱም ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሙሽራው አባት ይንጎራደዳል።

ለማንኛውም ሁለተኛ ባትሪ ኪሴ ከትቻለሁ።

ጥር 19

አነሳሁ።

እግሬ አብጧል፣ ወገቤ የለም፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ራቢዓ ከማዶ በኩል ነበረች። ስትጫን ትንፋሿን ስትይዝ አየኋት።

አንዷ ፎቶ ግን... ሊያ ከቤት ስትወጣ፣ ደጃፉ ላይ፣ ከእናቷ ጋር። ሊያ ቬሎ፣ ብርኽቲ ሀበሻ ቀሚስ፣ ነጭ በነጭ። ጌዲዮን ጥቁር ሱፍ። ከኋላቸው የቤቱ ጨለማ፣ ፊታቸው ላይ የረፋዱ ፀሐይ። ሊያ ካሜራውን አላየችም። ካሜራውን የያዘውን ነው ያየችው። ተጫንኩት።

ከባድ ፎቶ ናት። ነጩ ሊቃጠል ይችላል፣ ጥቁሩ ሊሰምጥ ይችላል። እንደ እትዬ ዓሊማ ፎቶ ያለች ናት።

ጥር 22

ዛሬ ያቺን ፎቶ ከፈትኳት። ራቢዓ ጉርድ ፎቶ ትቆርጣለች።

ከርቩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይኛው ጫፍ ጋ ችካል። የቬሎው ዳንቴል እንዲቀር፣ የብርኽቲ ጥለት እንዲቀር። ከዚያ ታች ወርጄ የጌዲዮንን ሱፍ ያዝኩ። መጎተት አማረኝ። ነካ አደረግኩት። መስመሩ ትንሽ እብጥ አለ፣ የኮቱ እጥፋት መጣ፣ ከበሩ ጨለማ ውስጥ ሸረፈዲን ሰሃን ተሸክሞ ብቅ አለ። መሐሉ ላይ የሊያ ፊት አለ። መሐሉን አልነካሁትም። በቃ። የዛሬ ሁለት ወር ቢሆን አይበቃኝም ነበር።

እዪልኝ አልኳት።

መጣች። ቆማ አየች። ከዚያ ወንበሬን ለቀቅኩላት፣ ተቀመጠች። ለራሷ ስትሠራ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ማውሱን ያዘች፣ ከርቩን ከፈተች። መስመሬ ፊቷ ተዘርግቷል። እንደ ተፈታኝ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ቬሎውን አጎላች። ሱፉን አጎላች። ሊያን አጎላች። እዚያ ቆየች።

"አባቷን ነው የምታየው" አለች።

አዎ አልኳት።

እጇ ከመስመሩ አጠገብ ነበር። እየጠበቅኩ ነው። ፎቶውን "ለህትመት" ከሚለው ፎልደር አስገባችና ማተሚያውን አስነሳች። መስመሬን አልነካችውም።